ያረገዘው የቡራዩ ምንጭ

ሰው ሲደነግጥ የሚሆነው እንደየተፈጥሮው ነው። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ደግሞ ባለበት ደርቆ ይቀራል። እኔን ስቅታ ይይዘኛል። የዋዛ ስቅታ እንዳይመስላችሁ። ትከሻዬን እስከ ጆሮዬ አንስቶ የሚመልስ፣ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ የሚያስወድቅ ስቅታ ነው። የሠርጌ ዕለት ሚዜዬ ቀለበቱን የት እንዳደረገው ሲጠፋበት የጀመረኝ እስከ መልሱ ድረስ አልለቀቀኝም። አማቶቼም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጪ ነው ብለው ደምድመዋል። ይህን የማነሳው ወድጄ አይደለም። በቡራዩ ምንጭ ምክንያት ከስቅታ ወደ ስቅታ ስሸጋገር የከረምኩበትን ጊዜ ልነግራችሁ ስለሆነ፣ መሐል ላይ ባርኔጣ ሲወድቅ እንዳትገረሙ ብዬ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ በአንድ የውሃ ላቦራቶሪ ናሙና ሰብሳቢ ነበርኩ። ይህ ማዕረግ ሲጠራ ያምራል። አማቴ «ናሙና ደግሞ የሚዘራ ነው የሚተከል?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን መልሱን ማሳመር አልቻልኩም። ሥራው በጠርሙስ ውሃ እየቀዱ ማምጣት ነው። ውሃ ቀጂ ነበርኩ ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ውሃ ቀጂዎች የሚለየኝ ከረባት ማሰሬ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ አንድ ዶክተር መጣልን። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራም ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ከመጽሐፍ ስለነበረ ሲቆጣ እንኳ «እባክዎን» ሳይል አይጀምርም። አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ደግሞ ጉንፋን ይዞት አልለቀቀውም፤ አፍንጫው ፊቱ ላይ የነበረው ለጌጥ ያህል ነው። ይህን አፍንጫ አደራ አስታውሱልኝ፤ ጤና ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ አይመጣም ነበር።

ሰውየው የመጣው ሆርሞን የሚባል ነገር ሊለካ ነው። እንዳስረዳን ከሆነ ሆርሞን በሰው ደም ውስጥ እየዞረ ጢሙን «ብቀል»፣ ጡቱን «አጋት» እያለ የሚያዝ፣ በዓይን የማይታይ አለቃ ነው። ማዘዙን ሲጨርስ ከሽንት ጋር ይወጣል። ከዚያስ? ዶክተሩን እንቅልፍ የነሳው ይኸው «ከዚያስ?» ነበር። ከሽንት ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ መሬት ሰርጎ ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ እንስራ፣ ከእንስራ ወደ አፍ!

«እባክዎን ያስቡት» አለኝ፤ «ዛሬ ጠዋት በጠጡት ሻይ ውስጥ የማን ሆርሞን እንደነበረ ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። እንዳላውቅም እመርጥ ነበር። ስቅታዬ ተነሣ፤ ሻይም ለጊዜው አስጠላኝ።

አሁን ደግሞ አትሳቁ። ይህ በዓይን የማይታይ ነገር የሚለካው በእንቁራሪት ነበር። የነፍሰ ጡር ሴት ሽንት በመርፌ ሲሰጣት ሴቷ እንቁራሪት በማግሥቱ እንቁላል ትጥላለች። ሴትዮዋ ካላረገዘች እንቁራሪቷም ዝም ብላ ትቀመጣለች። በዚያን ጊዜ በትልልቅ ሆስፒታሎች ማርገዝ አለማርገዝ የሚታወቀው በዚሁ ነበር። ዶክተራችን ይህን ወደ ውሃ አዞረው። የመጠጥ ውሃም ሆነ ፍሳሽ ይመጣለታል፤ አጥልሎ፣ አትንኖ፣ መጨረሻ ላይ የቀረችውን ጭላጭ ለእንቁራሪት ይወጋል። እንቁላል ከጣለች ውሃው ውስጥ ሆርሞን አለ፤ ካልጣለች የለም። እንቁራሪቶቹን ከገፈርሳ ዳር ያጠመድኩት እኔ ነኝ፤ ከነከረባቴ። የግድቡ ዘበኛ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ሲያየኝ ያመመኝ መስሎት አዘነልኝ። የመንግሥት ሥራ ላይ መሆኔን ስነግረው ይበልጥ አዘነ።

ናሙና የሚመጣው ከሦስት ቦታ እንዲሆን ተወሰነ። ከሰበታ የፍሳሽ ቦይ፣ ከሱሉልታ የጉድጓድ ውሃ፣ ከቡራዩ የምንጭ ውሃ። ብርሃን እንዳይነካው ተብሎ ጠርሙሶቹ ቡናማ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው አይታይም። መቀዳት ያለበትም ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውም ከብትም ሳይደርስበት ነው ተባለ። ከተሞቹ ሦስት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ፣ ጎሕም በቀን የሚቀደው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዋዜማው እየዞርኩ በየከተማው ለአንድ የታመነ ሰው ጠርሙስ ልሰጥና በማግሥቱ ተሞልቶ ልወስድ አሰብኩ። ዶክተሩም ዘዴዬን ወደደልኝ። የሰበታውን ጠርሙስ ከቦዩ አጠገብ ሱቅ ላለው ነጋዴ፣ የሱሉልታውን ላሞች ላሏቸው አንዲት ባልቴት፣ የቡራዩውን ለኦቦ ደበላ ሰጠሁ።

ኦቦ ደበላ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ምንጩ ከእርሻቸው በላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ይፈልቃል፤ አካባቢው በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ምንጩ ቢጠፋ ያለው ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ነው፤ ያውም ቁልቁለቱን ወርዶ፣ እንስራ አዝሎ ዳገቱን ለመውጣት ወገብ ለተረፈው።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ደበላ!» ብዬ ገባሁ። ከኦሮምኛ አጥርቼ የማውቃት ሰላምታ እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ከዚያ በላይ እንዳያዋሩኝ እየፈራሁ ነው የምላት።

«ነጋ፣ ነጋ! ሰላም ነው! ግባ ልጄ» አሉኝ።

ባለቤታቸው አዴ አስካለ ጥጥ እየፈተሉ ነው። ምራታቸው አዲስ የመሰለ የአማቷን ቀሚስ ለብሳ ከምንጩ የተቀዳ ውሃ በቅል አቀረበችልኝ። ጠጣሁና ጠርሙሱን አውጥቼ ምን እንደሚደረግበት ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን የሚያዳምጠኝ ሰው ሳገኝ አፌ አይዘጋም። ስለ እንቁራሪቷም ነገርኳቸው።

«እንቁራሪት ደግሞ ምን ታውቃለች?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«እኛ የማናውቀውን ነዋ! አንዲት ሴት ማርገዟን ራሷ ሳታውቅ እንቁራሪቷ ታውቅላታለች። ሆዷን ሳትነካ፣ ባሏን ሳትጠይቅ! ጥቂት ሽንት በዚህች ጠርሙስ ይምጣላት እንጂ ተሸሽጎ የሚቀር የለም!»

ምራትየዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ኦቦ ደበላ «ዱጋ? እውነትህን ነው?» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዴ አስካለ ግን እንዝርታቸውን አቁመው ነበር።

«በሽታም ታውቃለች?» አሉኝ።

«በሽታ አይመለከታትም እማማ፤ ልጅ ብቻ።»

«ልጅ ካልሆነስ?»

«ዝም ትላለች።»

«ዝም ትላለች» ብለው ደገሙትና እንዝርቱን አዞሩ። እኔ ዕውቀቴን ያደነቁልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ጠርሙሱን ከመሬት አንስተው ደህና ቦታ ያስቀመጡትም እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ሦስቱንም ጠርሙስ ሰብስቤ አስረከብኩ። መጀመሪያ የተከፈተው የሰበታው ፍሳሽ ነው። ዶክተሩ ፍሳሽ ሲመጣ አስቀድሞ መርዝ እንዳለው ለማወቅ ጥቂቱን የእንቁራሪቷ ገንዳ ውስጥ ያፈሳል። አፈሰሰ። እንቁራሪቷ ከገንዳው ተስፈንጥራ የዶክተሩን መነጽር መታች፣ ከመነጽሩ መደርደሪያው ላይ ወጣች፣ ከመደርደሪያው የኔ ትከሻ ላይ አረፈችና በጀርባዋ ተንጋለለች።

«እባክዎን እንዳይነኳት!» ብሎ ጮኸ ዶክተሩ። «በሰበታ ፍሳሽ ውስጥ እኔ የማላውቀው ኃይለኛ መርዝ አለ!»

እኔ እንኳን ልነካት መተንፈስም አቁሜ ነበር። ስቅታው ግን መተንፈስን አይጠይቅምና ከነእንቁራሪቷ ያዘልለኝ ጀመር። በአንደኛው ዝላይ አፍንጫዬ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ሲያልፍ መርዙ ሸተተኝ። የማውቀው መርዝ ነው። ደረጃውን የጠበቀ አረቄ ነበር።

በቁጣ ሰበታ ድረስ ሄጄ ነጋዴውን ብጠይቀው እሱ ከኔ የበለጠ ተቆጣ።

«ከቦይ ቆሻሻ ቀድቼ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ልላክ? አሳዳጊ የበደለኝ ሰው አደረጉኝ እንዴ? ጌታው፣ እኛ ቤት የሰው ዕቃ ባዶውን እንኳ አይመለስም!»

እውነቱን ነው። እናቴም የጎረቤት ሳህን ባዶውን ስትመልስ አይቻት አላውቅም። ይህንን ነገር ጠርሙሶቹን ሳድል ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ዶክተሩማ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘውም።

ስመለስ ዶክተሩ የሱሉልታውን ጠርሙስ ገልብጦ ይዞ እያራገፈ ደረስኩ። ውሃው አልወርድ ብሎታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እባክዎን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «የሱሉልታ ውሃ ረግቷል።»

ውሃ ሲረጋ ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ፤ ስቅታውም እንደልማዱ ተነሣ። ዶክተሩ ከረጋው ቆንጥሮ በማጉያ መነጽር እያየ «ሕይወት አለው! ይንቀሳቀሳል!» ይላል። እኔ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። እርጎ ነው፤ ያውም ቅቤው ያልወጣ። ባልቴቷ የሞሉት የጠዋት ወተት መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ረግቷል። ኋላ ሄጄ ስጠይቃቸው «ከሱሉልታ ውሃ ይዞ ገባ ተብለህ እንድትታማ ነው?» አሉኝ፤ እንደ እናት አዝነውልኝ ነበር።

የቀረን የቡራዩው ነው። ዶክተሩ ጥቂት ቀዳና ወደ ብርሃን አነሣው። ውሃ ነው። ቢጫ ቢጤ ይመስላል፤ «አፈር ነክቶት ይሆናል» አልኩ። ያም ሆነ ይህ አይረጋም፣ አያሰክርም። የደበላ ቤት ሰዎች ውሃ ሲባሉ ውሃ የላኩ ቁም ነገረኞች ናቸው ብዬ በልቤ መረቅኳቸው። ዶክተሩ ጉንፋኑን እየሳበ ጠርሙሱ ላይ አቀርቅሮ አጠለለ፣ አተነነ፣ ወጋ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በነጋታው ስገባ ዶክተሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ገንዳው ውስጥ እንቁራሪቷ አትታይም፤ የሚታየው እንቁላል ነው። ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያለበት ዝልግልግ ነገር ገንዳውን ሞልቶታል። ሌላ እንቁራሪት ወግቶ ጠበቀ። በማግሥቱ እሷም ጣለች።

«እባክዎን ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ። «ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ሆርሞን ሊገኝ አይችልም። ይህ እንዲሆን አንድ መንደር ሙሉ ነፍሰ ጡር ሴቶች ምንጩ ላይ ተሰልፈው ጠዋት ማታ መሽናት አለባቸው!»

ያን ጊዜ የያዘኝን ስቅታ መቼም አልረሳውም። ምራትየዋ በቅል የሰጠችኝ ውሃ ትዝ አለኝ። እስከ ጭላጩ ነበር የጠጣሁት። ሳላስበው ሆዴን ዳሰስኩ። ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ወሬው ከላቦራቶሪው ወደ በላይ አለቆች ሲወጣ እየወፈረ ሄደ። ምንጩ ወደ ገፈርሳ ቢሰርግስ? ገፈርሳ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ነው የሚፈሰው! አንዱ ሹም «መኳንንቱ የሚጠጡት እኮ እሱን ነው» አለ። ምንጩ በሲሚንቶ ይደፈን ተብሎ ታዘዘ። የጭነት መኪናውን ቡራዩ ድረስ የሚመራ፣ ቦታውን የሚያሳይ፣ ለሕዝቡም የሚያስረዳ ሰው ተፈለገ። ለማን ሊሰጥ ነው?

ከዶክተሩ ጋር እንደደረስን የቀን ሠራተኞቹ ከምንጩ አጠገብ ሲሚንቶና አሸዋ አራግፈው ማቡካት ጀመሩ። መንደርተኛው ተሰበሰበ። ወንዶቹ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት፣ ሴቶቹ እንስራቸውን እንዳዘሉ ወደ ኋላ ቆሙ። እኔ ድንጋይ ላይ ወጣሁና በስቅታ መሐል እየገባሁ አስረዳሁ። ምንጩ ውስጥ የነፍሰ ጡር ሽንት ተገኝቷል፤ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ይደፈናል አልኩ።

ሴቶቹ እንስራቸውን አወረዱ።

«ዋቃዮ!» አሉ ኦቦ ደበላ። «ይህን ውሃ አባቴ ጠጥተውታል። ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። ማን ነው ደፍሮ እዚህ ላይ...» ቃሉን መጨረስ አቃታቸው። ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ነፍሰ ጡር ያለሽ ወደዚህ ውጪ!»

በመንደሩ በግልጽ የሚታወቁት ሦስት እርጉዞች ወጡ። አንደኛዋ ሆዷ ከፊቷ ቀድሟት ነው የመጣችው።

«እኔን ነው የምትጠረጥሩት?» አለች በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ። «ጓሮ መድረስ ያቃተኝ ሴት ይህን ሁሉ ዳገት ለሽንት እወጣለሁ? ስሠራ የምውለው አነሰኝ?»

ሰው ሳቁን ዋጠ። ሌሎቹ ሁለቱም ማሉ ተገዘቱ። አንዱ ጎረምሳ የላም ይሆናል አለ፤ ዶክተሩ «እባክዎን፣ የላም አይደለም» አለው። ሌላው የጅብ ይሆናል አለ፤ ለእሱ ዶክተሩ ጀርባውን ሰጠው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሲሚንቶው እየተቦካ ነው።

ኦቦ ደበላ ወደ ምንጩ ወርደው በቅል ቀዱ። ሕዝቡ እያየ ግጥም አድርገው ጠጡና ደግመው ቀድተው ለዶክተሩ ዘረጉለት።

«እኔ ጠጥቻለሁ። አንተም ጠጣና መርዝ መሆኑን ንገረኝ።»

ዶክተሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እባክዎን፣ አልችልም።»

ሽማግሌው ቅሉን እንደያዙ ቀሩ። ቅሉ አጋድሎ ውሃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ይኼ ነው። የዘረጉት ነገር ሲመለስባቸው የመጀመሪያቸው መሆን አለበት። የሠራተኞቹ አለቃ በአካፋው ሲሚንቶውን መታ መታ አደረገና «ደርሷል» አለኝ። ሁሉም እኔን አየ። ድፈኑ ብዬ ማዘዝ ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ አፌን ስከፍት የሚወጣው ግን ስቅታ ብቻ ነው።

ይሄኔ አዴ አስካለ ከሴቶቹ መሐል ወጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ እንቁራሪቷ በእርግጥ እንቁላል ጣለች?»

«ጣለች እማማ። ገንዳው እስኪሞላ።»

ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ሁለት እንቁራሪቶች ወግቻለሁ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

አዴ አስካለ የምንጩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የወደቁ መስሎን ሁላችንም ሮጥን። ቀርቤ ስሰማ እያለቀሱ ነው፤ ደግሞም እየሳቁ ነው።

«አስካለ! ምን ሆንሽ?» አሉ ኦቦ ደበላ ቅሉን ጥለው። «ውሃው ነው? አመመሽ?»

«ውሃው ንጹሕ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የኔ ነው።»

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ?»

«የኔ ነው አልኩህ። አንተ የቀዳኸውን ውሃ ደፋሁትና...» ነጠላውን መልሰው ፊታቸው ላይ ጎተቱት።

አካፋው ቆመ። ከኋላ አንዲት ሴት እልልታ ጀምራ፣ እልል ይባልበት አይባልበት ሲጠፋት መሐል ላይ ተወችው። ልጆቻቸው አግብተዋል፤ የልጅ ልጅ እቅፋቸው ውስጥ አድጎ ወርዷል። ዶክተሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን እያየ መነጽሩን ያወልቃል፣ ያደርጋል። እኔ በበኩሌ ከድንጋዩ ላይ ወድቄ ነበር፤ ማንም ያነሣኝ የለም።

«እናቴን የገደላት ሆዷ ውስጥ የወጣባት እብጠት ነው» አሉ አዴ አስካለ፤ ለሕዝቡ አይደለም፣ ለባላቸው ነው። «በኔ ዕድሜ ነበረች። እኔም ሆዴ ሲጠነክር ያ ነው አልኩ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ይህ ባለጠርሙስ ልጅ መጥቶ፣ ልጅ ካልሆነ እንቁራሪቷ ዝም ትላለች ሲል ሰማሁ። ዝም ካለች ቁርጤን ዐውቃለሁ ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ። ቀሚሴን ለምራታችን የሰጠሁትም ሳልሞት ልስጣት ብዬ ነው።»

ምራትየዋ የለበሰችውን ቀሚስ ቁልቁል አየችና ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ኦቦ ደበላ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ በሕዝብ ፊት፣ በፈረንጅ ፊት፣ ስለ ሚስታቸው ሽንት እየተወራ ነው። ቢቆጡ ማን ይፈርድባቸዋል? እሳቸው ግን በትራቸውን ጣሉና ከሚስታቸው አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«ከፋሲካ ወዲህ አጠገቤ ተኝተሽ ብቻሽን ስትሞቺ ነበር?» አሉ።

«ላስደነግጥህ አልፈለግሁም።»

«አሁንስ አላስደነገጥሽኝም?»

መጀመሪያ የሳቀችው ጓሮ መድረስ ያቃታት እርጉዝ ናት። ከሷ ወደ ሁሉም ተዛመተ። የተቋረጠው እልልታ ከቆመበት ቀጠለ። ኦቦ ደበላ እየሳቁ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና «ውሃ አምጡላት እንጂ! ሴትዮዋ ደርቃለች!» ብለው ጮኹ።

«ከየት?» አለ አንድ ጅል። እኔ ነበርኩ።

«ከምንጩ ነዋ!»

ምራትየዋ የወደቀውን ቅል አንስታ አለቅልቃ ቀዳች። አዴ አስካለ ጠጡና ለባላቸው ሰጡ፤ ኦቦ ደበላ ጠጡና ቀና ብለው የቀረውን ለዶክተሩ ዘረጉለት። ዶክተሩ ቅሉን አየ፣ የተቦካውን ሲሚንቶ አየ። ባርኔጣውን አወለቀና እስከ ጭላጩ ጠጣው። ቅሉን ሊመልስላቸው ሲል ኦቦ ደበላ አልተቀበሉትም።

«እንደገና ቅዳና አንተው ስጣት» አሉት።

ዶክተሩ ወደ ምንጩ ወርዶ ቀዳ፤ ለአዴ አስካለም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።